የበረዶ ነብርና ተራራው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዱር እንስሳ ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ጠመንጃ የያዘ አዳኝና እሱን የሚያባርር የፓርክ ጠባቂ ነው። የበረዶ ነብር ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የእሱ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ፍየል በረት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከታች ባሉት መልሶች በረቱ ደጋግሞ ቢመጣባችሁ አይግረማችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የበረዶ ነብር የት ይገኛል?

በመካከለኛውና በደቡብ እስያ ተራሮች ላይ። 12 አገሮች ይጋሩታል፦ ሕንድ፣ ሞንጎሊያ፣ ሩሲያ፣ ቡታን፣ ቻይና፣ ኔፓል፣ አፍጋኒስታን፣ ኡዝቤኪስታን፣ ካዛኪስታን፣ ኪርጊስታን፣ ታጂኪስታንና ፓኪስታን። ከመኖሪያው ትልቁ ድርሻ ያለው ቻይና ውስጥ ነው።

በሂማሊያ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የሚኖረው፤ እስከ 5,000 ሜትርም ይወጣል። የእኛ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞንጎሊያና ሩሲያ ሲኬድ ግን በጣም ዝቅ ብሎም ይገኛል። እዚያ ብርዱ ከፍታ አይጠብቅም። ጎቢ በረሃ ውስጥ ባሉ ደረቅ፣ ድንጋያማ ተራሮች የሚኖሩም አሉ። በረዶ ኖረም አልኖረ፣ አጥብቆ የሚፈልገው ገደልና ቋጥኝ ነው።

እንደ አንበሳ ያገሣል?

አያገሣም። ያጉረመርማል፣ ይጮኻል፣ በአፍንጫው የሚያሰማው ለስለስ ያለ ድምፅም አለው። በዘር የሚቀርበው ለታይገር ቢሆንም በአካል ብዙ ያንሳል፤ አብዛኛው ከ35 እስከ 55 ኪሎ ቢመዝን ነው። ጭራው ብቻ አንድ ሜትር ይደርሳል። ገደል ላይ ሲሮጥ ሚዛኑን የሚጠብቀው በእሱ ነው፤ ሲተኛም ፊቱ ላይ ጠቅልሎ ይሞቅበታል። መዳፉ ሰፊ ነው፣ ከሥሩም ጸጉር አለው፤ በረዶ ላይ ቶሎ አይሰምጥም።

ዋና ቀለቡ ባራል የሚባለው የሂማሊያ የዱር በግ፣ የሳይቤሪያ አይቤክስ የሚባለው የዱር ፍየልና አርጋሊ የሚባለው ቀንደ ትልቅ በግ ናቸው። ሙቀቱ ሲመጣ ማርሞት የሚባለውን፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ትልቅ የአይጥ ዘመድም ይይዛል።

ሰው ይበላል?

አይበላም። ሰው ላይ ጉዳት ማድረሱ ራሱ እጅግ ብርቅ ነው። ሰው ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው።

በዓለም ላይ ስንት ቀርተዋል?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ3,920 እስከ 6,390 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ክፍተት ልብ በሉ። እንስሳው ቀለሙ ከቋጥኙ አይለይም፣ ብቻውን ይዞራል፣ የሚውልበት ቦታ ደግሞ በእግርም አይደረስበትም። ለብዙ ዓመታት ግምቱ የሚሠራው ዱካና ጭረት እየታየ፣ የአካባቢው ሰው እየተጠየቀ ነበር።

አሁን ካሜራ ነው። የሚያልፍባቸው ሸንተረሮችና ሽንቱን የሚረጭባቸው ቋጥኞች አጠገብ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይተከላል። የአንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ስለማይመሳሰል ማን ማን እንደሆነ ከፎቶው ይለያል። እዳሪው ተለቅሞም በዲኤንኤ ይመረመራል። ሕንድ በዚህ ዓይነት ቆጠራ በ2024 መጀመሪያ 718 እንዳላት አስታወቀች፤ ከነዚህ 477ቱ ላዳክ በሚባለው የሰሜን ሕንድ ተራራማ ግዛት ውስጥ ናቸው። ቡታን 134 አገኘች፤ በ2016 የነበራት ቁጥር 96 ነበር። የሞንጎሊያ ግምት 953፣ የኔፓል ደግሞ 397 ነው።

ካሜራውም ቢሆን ይሳሳታል፤ ይልቁንም ፎቶውን የሚያየው ሰው ይሳሳታል። በ2020 የወጣ አንድ ጥናት በመካነ እንስሳት የሚኖሩ፣ ማንነታቸው የታወቀ የበረዶ ነብሮችን ፎቶ ለተመልካቾች ሰጥቶ «ለዩ» አላቸው። አንዱን ነብር ሁለት አድርጎ መቁጠር በዛ። በዚያ የተነሳ የቁጥሩ ግምት በአንድ ሦስተኛ ያህል ተጋኖ ወጣ። ስለዚህ «የበረዶ ነብር ቁጥር ጨመረ» የሚል ዜና ስታነቡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የጨመረው ነብሩ ነው ወይስ ካሜራው?

በ2017 ከአደጋ ወጥቷል ተብሎ አልነበረም?

እንዲያ ያለው ዜናው ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ያደረገው የአደጋ ደረጃውን በአንድ እርከን ማውረድ ነው፤ አሁንም ለአደጋ ከተጋለጡት ዝርዝር ውስጥ ነው። በቀድሞው ደረጃ ለመቆየት ለመራባት የደረሱት ቁጥር ከ2,500 በታች መሆን ነበረበት። አዲሶቹ ግምቶች ከዚያ በለጡ፣ ደረጃው ወረደ። ያው ኅብረት ግን ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱን አልካደም።

ውሳኔውን አጥብቀው የተቃወሙ የጥበቃ ድርጅቶች ነበሩ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። በጊዜው በወጉ የተጠናው የመኖሪያው ክፍል በጣም ትንሽ ነበር። ለጥናት የተመረጡትም ቦታዎች ነብር ይበዛባቸዋል የተባሉት ነበሩ። ጥሩ ጥሩውን ቆጥሮ ሌላውንም እንደዚያ ነው ብሎ መገመት አያዋጣም።

ታዲያ ማነው የሚገድላቸው?

የዱር እንስሳት ንግድን የሚከታተለው ትራፊክ የተባለ ድርጅት በ2016 ባወጣው ግምት ከ2008 ወዲህ በየዓመቱ ከ221 እስከ 450 የበረዶ ነብሮች ተገድለዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ 55 በመቶው፣ ከብት በላብን ተብሎ በበቀል ነው። ለቆዳና ለአጥንት ንግድ ታስቦ የተገደለው 21 በመቶ ነው። 18 በመቶው ደግሞ ለሌላ እንስሳ የተዘረጋ ወጥመድ ውስጥ የገባ ነው። የበቀሉም ቢሆን ቆዳው አንዳንዴ መጨረሻው ገበያ ነው፤ አንዴ ከሞተ ገዢ አይጠፋለትም።

በቀሉ እንዴት እንደሚመጣ በቅርብ እንየው። በላዳክም ሆነ በፓኪስታን ባልቲስታን ብዙ ቤተሰብ በግና ፍየሉን የሚያሳድርበት በረት ድንጋይ ተደራርቦ የተካበ ዝቅ ያለ ካብ ነው። ብዙ ጊዜ ጣሪያ የለውም፤ ካለውም ቀዳዳ አለው። ብርዱ ጠንቶ የዱሩ አደን ሲከብድ ነብሩ ሌሊት ካቡን ዘሎ ይገባል። አንድ ፍየል ይዞ ቢወጣ ነገሩ ባልከፋ ነበር። ግን መንጋው ይደነብራል። መውጫ የለም፤ ፍየሎቹ እየተጯጯሁ ከጥግ ጥግ ይራወጣሉ። ፊቱ የሚሮጥ ነገር እያለ ደግሞ ነብሩ መግደሉን አያቆምም። በአንድ ሌሊት ብዙ ፍየል ይፈጃል። ከዚያ ይበላና እዚያው ይቆያል።

ጠዋት በሩን የሚከፍተው ሰው የሚያየው ይህን ነው። የዓመቱ ሱፍ፣ ሥጋና ወተት፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ መሬት ላይ ተዘርሯል። ያደረገው እንስሳ ጥግ ላይ ተኝቷል። ድንጋይ ደግሞ በእጁ ሥር ነው። ሕጉ አትግደል ይላል። እኔ ግን ይህን ሰው ለመኮነን አፌ አይደፍርም።

መንግሥት ካሳ ከከፈለ አይበቃም?

ካሳ የሚከፍሉ አገሮች አሉ። ችግሩ ገንዘቡ አይደለም፣ መንገዱ ነው። እረኛው በጉ በነብር መበላቱን ማሳየት አለበት፤ በተራራ ላይ አሞራው ቀድሞ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወደ ወረዳ ከተማ መውረድ፣ ፎርም መሙላት፣ ሂድ ነገ ና መባል አለ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ገንዘብ ለትራንስፖርትም ላይበቃ ይችላል።

ምን ሠራ ታዲያ?

መጀመሪያ የሠራው በጣም ቀላሉ ነገር ነው፦ በረቱን መክደን። ካቡን ከፍ ማድረግ፣ አናቱ ላይ እንጨት አጋድሞ የሽቦ መረብ መዘርጋት፣ በሩን ክፍተት እንዳይኖረው አድርጎ መግጠም። ላዳክ ውስጥ ይህን ሥራ ከጀመሩት አንዱ ሮድኒ ጃክሰን ነው። ሰውየው በ1980ዎቹ ኔፓል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረዶ ነብር አንገት ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ አስሮ የተከታተለ ተመራማሪ ነው። ከዓመታት በኋላ ዞሮ ዞሮ የሽቦ መረብ ላይ መድረሱ ደስ ይለኛል። ለአንድ በረት የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ነብር ግን አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል።

መረብ ቀን ሜዳ ላይ የተበላውን አይመልስም። ለዚያ የመንደር ኢንሹራንስ መጣ። በባልቲስታን በ1999 ተጀመረ፤ በሕንዱ ስፒቲ ሸለቆና በኔፓል ካንቼንጁንጋም ተመሳሳይ አለ። ነገሩ ከእድር ብዙም አይርቅም። እያንዳንዱ ቤት እንደ እንስሳቱ ብዛት መዋጮ ይከፍላል፣ ከውጭ የተገኘ ድጋፍ ይታከልበታል፣ ከመንደሩ የተመረጠ ኮሚቴ ገንዘቡን ይይዛል። የተበላበት ሰው ሲመጣ ኮሚቴው ሄዶ ያያል፣ ይከፍላል። በመንግሥት ካሳ ላይ መዋሸት ይቻል ይሆናል፤ እዚህ ግን የምትዋሸው የጎረቤትህን ገንዘብ ነው። ጎረቤት ደግሞ በግህ ገደል ገብቶ ይሁን ነብር በልቶት ያውቃል።

ሦስተኛው ክትባት ነው። በሰሜን ፓኪስታን ተራሮች ነብርና ተኩላ ከሚበሉት ይልቅ በበሽታ የሚያልቀው ከብት ይበዛል። ስለዚህ አንዳንድ መንደሮች ጋር ስምምነት ተደረገ፦ እኛ እንስሳቶቻችሁን እናስከትባለን፣ እናንተ ነብሩን አትነኩም፣ መንጋውንም ያለ ልክ አታበዙም። እረኛው ሒሳቡን ሲያሰላ አትራፊ ሆኖ ይገኛል።

ሞንጎሊያና ኪርጊስታን ውስጥ ደግሞ ሴቶች ከሱፍና ከፌልት (ተጠቅጥቆ ከተሠራ የሱፍ ጨርቅ) ጫማ፣ ምንጣፍ፣ ጌጣጌጥ ይሠራሉ። የሚገዛቸው ሲያትል ያለው የበረዶ ነብር ጥበቃ ድርጅት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ጉርሻ አለ፤ ነገር ግን በአካባቢው አንድ ነብር ወይም የሚታደን እንስሳ በሕገወጥ መንገድ ከተገደለ ጉርሻው ለሁሉም ይቀራል። የፓርክ ጠባቂ ዓይን ከጎረቤት ዓይን ጋር አይወዳደርም።

ለምን ትልልቅ ፓርክ ከልሎ መጨረስ አይቻልም?

በቂ ትልቅ ፓርክ ስለሌለ። ጎቢ ውስጥ ጂፒኤስ ባለው የአንገት ማሰሪያ የተደረገ ክትትል አንድ ወንድ ነብር በአማካይ 207፣ ሴቷ ደግሞ 124 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚይዙ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ይህን ይዘው በነብሩ ክልል ውስጥ ያሉትን 170 ጥብቅ ቦታዎች ሲለኩ 40 በመቶዎቹ ለአንድ ወንድ እንኳ የማይበቁ ሆነው ተገኙ። ነብሩ ካርታ አያነብም። ከፓርኩ ይወጣል፣ የእረኛ መሬት ላይ ይውላል፣ ወደ በረቱ ይጠጋል።

ይህ ማለት ፓርክ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ደቡብ ጎቢ ውስጥ ያለውን ቶስትን እንውሰድ። አካባቢው በማዕድን ፈቃድ ተሸንሽኖ ነበር። ባያርጃርጋል አግቫንትሰረን የምትባል ሞንጎሊያዊት እረኞቹን ይዛ ለዓመታት ተሟገተች፤ አውራጃ፣ ሚኒስቴር፣ ፓርላማ ደጅ ጠናች። በ2016 ፓርላማው ከ7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ቦታ ቶስት ቶሶንቡምባ ብሎ ጥብቅ አደረገው። በሞንጎሊያ ለበረዶ ነብር ተብሎ የተከለለ የመጀመሪያው ነው። ከ2 ዓመት በኋላ በውስጡ የነበሩት 37 የማዕድን ፈቃዶች በሙሉ ተሰርዘው ነበር። እሷም በ2019 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣት። ቦታው ሲከለል እረኞቹ አልተባረሩም፤ አሁንም እዚያው ያግዳሉ። ለእኔ ከሽልማቱ ይልቅ ይሄ ነው የሚገርመኝ።

የካሽሜር ሻርፕ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ። ካሽሜር ከፍየል ውስጠኛ ጸጉር የሚገኝ ለስላሳ ሱፍ ነው፤ የዓለም ምርት አብዛኛው ከቻይናና ከሞንጎሊያ ይመጣል። በሞንጎሊያ ሶሻሊዝም ሲያበቃ መንጋው የግል ሆነ፣ የካሽሜር ገበያም ተከፈተ። እረኛው ፍየል አበዛ፤ ማንም ቢሆን ያደርገው ነበር። ፍየሉ ሲበዛ ሣሩ ያልቃል። ሣሩ ሲያልቅ አይቤክሱና አርጋሊው ይሸሻሉ ወይም ይመነምናሉ። ነብሩ የቀረለት ፍየሉ ነው። ከዚያ ታሪኩ ወደ በረቱ ይመለሳል።

ሻርፓችሁን ጣሉ አልልም። ርካሽ ካሽሜር ግን ዋጋውን የሚከፍል ሌላ ሰው አለው።

ለዚህም የተሞከረ ነገር አለ። ስፒቲ ውስጥ ኪበር የሚባል ከፍታ ላይ ያለ መንደር በ1990ዎቹ መጨረሻ ከግጦሽ መሬቱ የተወሰነውን ከከብት ነጻ አድርጎ ለመተው ተስማማ። ከመንደሩ ጋር የሠራው ቻሩዱት ሚሽራ የሚባል ሕንዳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ናቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚያ ቦታ ባራሎቹ እየበዙ መጡ። የመንዝ ጓሳን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። ጓሳም ለዘመናት የቆየው ሕዝቡ ራሱ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ ስለወሰነለት ነው።

የአየር ንብረት ለውጥስ?

ሙቀቱ ሲጨምር ዛፍ የሚበቅልበት መስመር ወደ ላይ ይወጣል። የበረዶ ነብር ደግሞ ከዛፉ በላይ፣ ከዘላለሙ በረዶ በታች ያለውን ገላጣ ቦታ ነው የሚፈልገው። አንድ የ2012 ጥናት የጋዝ ልቀቱ በዚያው ከቀጠለ በሂማሊያ ካለው መኖሪያው እስከ 30 በመቶ ሊጠፋ እንደሚችል ገምቷል። ጫካው ሲወጣ ተራው ነብርም አብሮ ይወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ሸለቆ ካሜራ ላይ የታዩባቸው ቦታዎች አሉ። ወደ ላይ መሸሽ የሚቻለው ደግሞ ተራራው እስካለ ድረስ ነው።

ከነዚሁ ተራሮች ነው ኢንደስ፣ ጋንጀስ፣ ብራህማፑትራ፣ ሜኮንግ፣ ያንግትዜና ቢጫ ወንዝ የሚነሱት። ስለ ነብሩ ግድ የሌለው መንግሥት ስለ ውሃው ግድ ይለዋል፤ የጥበቃ ሰዎች ቢሮ ሲገቡ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሱት ይህንን ነው።

ከእኛ ተራሮች እንስሳት ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ዋልያችን የሳይቤሪያ አይቤክስ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ የበረዶ ነብሩ ምግብ ከስሜን ተራራ ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል። ሌላው ውሻ ነው። ባሌ ውስጥ የመንደር ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ አምጥተው በተደጋጋሚ ጨርሰዋቸዋል። በላዳክና በቲቤት አምባ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ እየዞሩ የዱር በግ ያሳድዳሉ፣ ነብሩን ካደነው ላይ ያባርሩታል። ቱሪስትና ካምፕ በበዛበት ቆሻሻው ይበዛል፣ ውሻውም አብሮ ይበዛል። ስለ ውሻ ግን ማንም ብዙ አያወራም።

ኦክቶበር 23 የሚከበረው ምንድነው?

በ2013 በዚያ ቀን የ12ቱ አገሮች ተወካዮች ኪርጊስታን ዋና ከተማ ቢሽኬክ ላይ ተሰብስበው የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። እስከ 2020 ድረስ 20 ሰፋፊ የመኖሪያ አካባቢዎችን ለመጠበቅ ነበር ዓላማቸው። በ2024 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀኑን ዓለም አቀፍ የበረዶ ነብር ቀን አድርጎ አጸደቀው። በእኛ ጥቅምት 13 ገደማ ይውላል።

በመካነ እንስሳት ያሉትን ወደ ተራራ መመለስ አይቻልም?

ቢቻልም የሚያስፈልገው እሱ አይደለም። ተራራው የጎደለው ነብር ሳይሆን የሚታደን እንስሳና ሰላም ነው። ያም ሆኖ መካነ እንስሳቱ ጥቅም አላቸው። ሲያትል የምትኖሩ ውድላንድ ፓርክ ሄዳችሁ ይሆናል። እዚያ ትሠራ የነበረችው ሄለን ፍሪማን ናት በ1981 ከላይ ያነሳሁትን ድርጅት የመሠረተችው።

በዓይኔ ማየት ብፈልግ የት ልሂድ?

ላዳክ፣ ሄሚስ ብሔራዊ ፓርክና በዙሪያው ያሉ መንደሮች በብዛት ይመረጣሉ። ጊዜው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። ነብሮቹ የሚገናኙበት ወቅት ነው፤ በረዶው ደግሞ ባራሎቹን ወደ ታች ያወርዳቸዋል፣ ነብሩም ይከተላቸዋል። ብርዱ ግን አይጣል ነው። በማረፊያ በኩል ሆቴል ከመያዝ መንደር ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶች ማረፍ ይሻላል። ክፍሉን የምታዘጋጀው፣ ምግቡን የምትሠራው ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ናት፤ ገንዘቡም እሷ እጅ ይገባል። ለብዙ ቤተሰብ ነብር ከኪሳራ ወደ ገቢ የተቀየረው በዚህ መንገድ ነው።

ከሄዳችሁ መሪያችሁ «ከዚህ አትለፉ» ሲል እሺ በሉ። ፎቶ ስትለጥፉ ደግሞ ሸለቆውን በስሙ አትጥሩ፤ ስልካችሁም ቦታውን እንዳይመዘግብ አጥፉት። ቱሪስቱ ብቻ አይደለም ፎቶውን የሚያየው።